ማህፀኔ ከወጣ በኋላ

የፈረንጅ አራዳዋ፦
ሰላም ለሁላችሁ። የምጽፈው ከጅማ ነው። በእጢ ምክንያት ማህፀኔ በኦፕራሲዮን ከወጣ አራት ወር ሆነው። ደሙ ቆሟል፣ ቁስሉም ድኗል፣ እግዚአብሔር ይመስገን። የከበደኝ ሌላ ነው።

አንድ ልጅ አለኝ፣ 19 ዓመቱ ነው፣ ባሕር ዳር ይማራል። ደውሎ «እማ» ሲለኝ እጄ ሳላስበው ሆዴ ላይ ያርፋል። አሁን እጄ የሚያገኘው ጠባሳ ነው። ልጄ መጀመሪያ ያደረበት ቤት የለም። ጎረቤቶቼ ቡና ላይ «ዋናው ጤና ነው» ይሉኛል። እውነታቸውን ነው። ማታ ግን የእመቤታችን ስዕል ፊት ቆሜ ልጄን «ተማፅኜብሻለሁ» ልል ስል ቃሉ አፌ ላይ ይቀራል። ማህፀን ከለላ ነው፣ ማሰሪያ ነው እየተባልን ነው ያደግነው። ሲወጣ ያም አብሮ ይወጣል? የደረሰባችሁ ካላችሁ ንገሩኝ።

የቅኔ ልጅ፦
እህቴ፣ አፍሽ ላይ የቀረው ቃል ራሱ መልስ አለው። በግእዝ ሐፀነ ማለት አሳደገ፣ ተንከባከበ ነው። ሕፅን እቅፍ ነው። ሕፃንም ማሕፀንም ከዚያው ይወጣሉ። ተማፀነም እንዲሁ። ስለዚህ ማሕፀን ስሙን ያገኘው ከሥራው ነው፤ ከማቀፍ፣ ከማሳደግ። አንቺ ይህን 19 ዓመት ሠርተሻል።

ደግሞ በጥምቀት ስንወለድ «ከማኅፀነ ዮርዳኖስ» እንላለን አይደል? ያ ውኃ ነው። ወንዱም ሴቱም፣ መካኗም ወላዷም የሚወለዱበት ውኃ። ዛሬ ማታ ቃሉን ጨርሺው።

ሄርማታ፦
አብሽሪ እህቴ። በእኛም ማህፀን ረሒም ነው፣ አር-ረሕማን ከሚለው የአላህ ስም ጋር ሥሩ አንድ ነው። ዘመድ መጠየቅን ሲለቱ ረሒም የምንለው ለዚህ ነው፤ የማህፀንን ገመድ መቀጠል።

እኔ አልወለድኩም። እህቴ ስትሞትብኝ ሦስት ልጆቿን ወሰድኩ። ትንሿ በወተት ጠርሙስ ነው ያደገችው፣ ሌሊት ፀጉሬን ጨብጣ ካልሆነ አትተኛም ነበር። ዘንድሮ 12ኛ ክፍል ናት። አሁንም ሲጨንቃት ፀጉሬን ትይዛለች። ገመዱ በእኔ በኩል አልተቆረጠም።

ላብራቶሪ፦
እኔ የማውቀውን ልጨምር። በእርግዝና ጊዜ የልጁ ሴሎች በእንግዴ ልጁ በኩል ወደ እናቱ ደም ያልፋሉ። በአንዳንድ እናቶች ሰውነት ውስጥ ለብዙ ዓመት ይቆያሉ። እ.ኤ.አ. በ1996 የታተመ ጥናት ወንድ ልጅ ከወለደች 27 ዓመት ባለፋት እናት ደም ውስጥ የወንድ ሴል አግኝቷል። ሁሉም እናት ጋ ይገኛል አልልሽም። ግን ከማህፀን ውጭም ይሄዳሉ፣ ቀዶ ጥገናው ጠራርጎ አያወጣቸውም።

የፈረንጅ አራዳዋ፦
ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሄርማታ፣ ልጅሽን ሳሚልኝ። እሱን የወለድኩ ቀን መጀመሪያ ገንፎ ይዛ የገባችው ሙስሊም ጎረቤቴ ነበረች፣ እሷን አስታወስሽኝ።

ትናንት ማታ ቃሉን ጨረስኩት። ዛሬ ቡና ስቆላ ልጄ ደወለ። «አሁንም ደሜ ውስጥ ልትኖር ትችላለህ» አልኩት። ዝም አለ። ከዚያ «እማ፣ ለፋሲካ እመጣለሁ» አለኝ። እጄ ሆዴ ላይ ነበር፣ አላነሳሁትም።