ቨርኒገሮደ የሄደ ሰው አለ? ስለ ሃርትስ የእግር መንገዶች ልጠይቅ

የጅሬን መንገደኛ፦
ሰላም ቤተሰብ። ከጅማ ነው የምጽፈው። በጥቅምት ለሦስት ሳምንት ስልጠና ወደ ጀርመን እሄዳለሁ። የምቀመጠው ቨርኒገሮደ በምትባል ትንሽ የድሮ ከተማ ነው፤ ሃርትስ ከሚባሉት ተራሮች ግርጌ ያለች። ፎቶዋን አየሁት። ቤቶቹ የእንጨት ማገራቸው ከውጭ ይታያል፣ ከላይ ኮረብታው ላይ ቤተ መንግሥት አለ። አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ያለበትን የኛን ጅሬን አስታወሰኝና ወደድኳት። ቅዳሜና እሁድ ነፃ ነኝ፤ ክፍል ተዘግቶ ስልክ እያዩ መዋል አልፈልግም።

እዚህ ከጓደኞቼ ጋር ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት ከፈረንጅ አራዳ ተነስተን አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ድረስ በእግር እንወጣለን። አራት ዓመት ሆነን። ስለዚህ ዳገት አልፈራም። የምፈራው መጥፋት ነው። አምና ክረምት በለጤ ደን ውስጥ ሦስት ሆነን የከብት መንገድ ተከትለን ገባን፣ መንገዱ አንዴ ተከፈለ፣ ደግሞ ተከፈለ፣ ዝናቡ ሲመጣ የመጣንበትንም አጣነው። ቀፎ ሊያይ የወጣ አንድ ገበሬ ባያገኘን ኖሮ እዚያው ይመሽብን ነበር። ቤቱ ወስዶ ቡና አጠጥቶ ነው የሸኘን። ከዚያ ወዲህ ጫካ ስገባ ልቤ ይመታል።

እና ጥያቄዬ፣ ብቻዬን ብሄድ መንገዱ ይገኛል? ብሮከን የሚባለውን ትልቁን ተራራ በአንድ ቀን ወጥቶ መመለስ ይቻላል? ጫማና ልብስስ?

ከጎቲንገን የተመለሰ፦
እንኳን ደስ ያለሽ እህቴ። ጎቲንገን ሁለት ዓመት ተምሬያለሁ፤ ሃርትስ ቅርብ ስለሆነ ብዙ እሁዶቼን እዚያ ነው ያሳለፍኩት።

መጀመሪያ ከፍታውን ልንገርሽ። ብሮከን 1,141 ሜትር ነው፤ በሰሜን ጀርመን ከእሱ የሚበልጥ ተራራ የለም። ጅማ ግን ከ1,700 ሜትር በላይ ናት። ጫፉ ላይ ቆመሽ እንኳ ከቤትሽ በታች ነሽ ማለት ነው። ትንፋሽ አያጥርሽም። ግን ይሄ እንዳያዘናጋሽ። ቨርኒገሮደ 240 ሜትር አካባቢ ስለሆነች ከከተማዋ በእግርሽ ከተነሳሽ 900 ሜትር ሽቅብ ይጠብቅሻል። አየሩ ደግሞ ሌላ ዓለም ነው። ጫፉን በዓመት ከ300 ቀን በላይ ጭጋግ ይጎበኘዋል። እኔ መጀመሪያ የወጣሁ ቀን ታች ከተማው ሰው በሸሚዝ ሆኖ አይስክሬም ይበላ ነበር፤ ላይ ስደርስ እጄ ደንዝዞ የውሃ ኮዳዬን ክዳን መክፈት አቃተኝ። በጥቅምት በረዶም ሊጥል ይችላል። ጓንትና ኮፍያ ሳትይዢ እንዳትወጪ።

የመጀመሪያው ቅዳሜ ላይ ብሮከንን ተዪው። ሽታይነርነ ሬነ ሂጂ። ከቨርኒገሮደ ሃሰሮደ ከሚባለው ሰፈር ወደ ላይ የሚወጣ ሸለቆ ነው፤ ሆልተመ የሚባለው ወንዝ ቤት በሚያካክሉ የግራኒት ቋጥኞች መሃል እየተላተመ ይወርዳል፣ መንገዱ ጎን ለጎኑ ይወጣል። ትንሽ ዘለቅ ስትዪ ኦቶፌልስ የሚባል አለት ታገኛለሽ፤ የብረት መሰላል ተተክሎበታል፤ ጫፉ ላይ ብሮከንንና ከተማዋን ታያለሽ። ከሁሉም እኔ የምወደው ይሄን ነው።

ለብሮከን አጭሩ ከሺርከ መንደር በኤከርሎህ በኩል ያለው ነው። ድንጋይ የበዛበት ዳገት ነው፤ እንደ አንቺ ላለ ሰው ከሁለት ሰዓት ተኩል አያልፍም። ረጅሙ ከኢልዘንቡርግ የሚነሳው የሃይነ መንገድ ነው፤ 12 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ግማሹን ከወንዝ ጋር ነው የምትሄጂው። ወደ ላይኛው ክፍል ስትጠጊ ቀዳዳ ቀዳዳ ያለበት የሲሚንቶ ንጣፍ ይመጣል። ያ የምሥራቅ ጀርመን ድንበር ጠባቂዎች መንገድ ነበር። ከ1961 እስከ 1989 (እ.ኤ.አ.) ተራራው ለሕዝብ ዝግ ነበር። የበርሊን ግንብ ከተከፈተ በኋላ ዲሴምበር 3 ቀን፣ እግረኞች ተሰብስበው ወጥተው በሩ እንዲከፈት ጠየቁ፤ ተከፈተላቸው። ያን ስሰማ ንጣፉን የማየው በሌላ ዓይን ሆነ። ሲደክምሽ ከጫፍ በእንፋሎት ባቡር መውረድ ይቻላል፣ ግን ውድ ነው።

መጥፋትን በተመለከተ፣ ምልክት ያለበትን መንገድ ካልለቀቅሽ አትጠፊም። መንገድ በተከፈለ ቁጥር የቦታው ስምና ኪሎ ሜትሩ የተጻፈበት ሰሌዳ አለ። በየጫካው ደግሞ 222 የማኅተም ሳጥኖች አሉ። ከቱሪስት ቢሮ ትንሽ ደብተር ትገዢና በደረስሽበት ሳጥን ከፍተሽ ራስሽ ትመቺያለሽ። 8 ማኅተም ሲሞላ የነሐስ ዓርማ ትወስጃለሽ። በሦስት ሳምንት ይሞላልሻል።

የኮቺ ልጅ፦
ያልተነሱ ነገሮች ልጨምር። እሁድ ሱቅ ዝግ ነው፤ ስንቅሽን ቅዳሜ ግዢ። ከዚህ በሶና ቆሎ ይዘሽ ሂጂ፣ በብርድ ከዚያ የተሻለ ስንቅ የለም። አዲስ ጫማ ገዝተሽ እዚያ እንዳትጀምሪው፣ ጅሬን ላይ ቢያንስ አራት ቅዳሜ አድርጊው።

ዋናው ግን ሰዓት ነው። እኛ ዓመቱን ሙሉ ወደ 12 ሰዓት ላይ ነው የሚመሽብን። እዚያ ኦክቶበር የመጨረሻው እሁድ ላይ ሰዓት ወደ ኋላ ይመለሳል፤ ከዚያ በኋላ በእኛ አቆጣጠር 11 ሰዓት ላይ ይጨልማል። እህቴ ሌላ ከተማ ስትማር ይሄን ረስታ ጫካ ውስጥ መሽቶባት በስልኳ መብራት ነው የወጣችው። የግንባር ባትሪ ያዢ። ያደርሽበት ቤት የእንግዳ ካርድ ይሰጥሽ እንደሆነ ጠይቂ፤ በእሱ ሃርትስ ውስጥ በአውቶቡስ በነፃ ይኬዳል፣ ሺርከም ሆነ ኢልዘንቡርግ ለመድረስ ይጠቅምሻል።

ደን ስራዬ፦
እኔ እዚሁ ጅማ ዙሪያ ደን ላይ ነው የምሠራው፤ ሃርትስን ያየሁት አንድ ጊዜ ለአንድ ሳምንት ነው። ስትደርሺ እንዳትደነግጪ ብዬ ነው። ፎቶው ላይ አረንጓዴ ሆኖ የምታይው ጫካ ብዙ ቦታ ላይ የለም። ቀጥ ብለው የቆሙ ግራጫ ግንዶች ናቸው፣ ኮረብታው ሙሉ።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። ሃርትስ የማዕድን አገር ነበር። ጎስላር አጠገብ ያለው ራመልስበርግ ከ1,000 ዓመት በላይ ተቆፍሮ በ1988 (እ.ኤ.አ.) ነው የተዘጋው። ማዕድን እንጨት ይበላል። የድሮው ድብልቅ ደን ተቆርጦ በምትኩ ቶሎ የሚያድገው ስፕሩስ የሚባል ጥድ መሰል ዛፍ በብዛት ተተከለ፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ አንድ ዓይነት። ከ2018 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ድርቁ ሲከታተል ዛፉ ሙጫ ማመንጨት አቃተው፤ ያንን ሲያጣ ቅርፊት ሰርሳሪዋን ጥንዚዛ የሚያቆማት ነገር የለም። ብሔራዊ ፓርኩ ውስጥ የሞተውን አያነሱትም፣ ራሱ እንዲተካ ይተዉታል። ጎንበስ ብለሽ እይ፤ በወደቀው ግንድ ሥር በርችና ሌላም ዛፍ እየበቀለ ነው፣ አንዳንዱ ከሰው ቁመት አልፏል። እኔ እዚያ ቆሜ የኛን ቡና ነው ያሰብኩት፤ ከላይ ዋንዛ፣ ብርብራ፣ ቀረሮ ተደባልቆ ጥላ የሚሆንለትን። እባካችሁ እሱን እየነቀላችሁ ባሕር ዛፍ ብቻ አትትከሉ።

ለጉዞሽ፦ ነፋስ ባለበት ቀን የደረቀ ግንድ ሥር አትቀመጪ። ፓርኩ ውስጥ ከምልክቱ መንገድ መውጣት፣ ድንኳን መትከልና እሳት ማንደድ ክልክል ነው። በ2022 እና በ2024 (እ.ኤ.አ.) ብሮከን አካባቢ ከባድ ቃጠሎ ነበር።

ጡረተኛው መምህር፦
ልጄ፣ መልካም ጉዞ ይሁንልሽ። እኔ ጅሬን ሥር ነው ያደግሁት። እናንተ የምትወጡት በመኪናው መንገድ ነው። የእግሩ መንገድ ሌላ ነበር። እናቴ ሐሙስ ሐሙስ ሒርማታ ገበያ ማርና ቅቤ ይዛ የምትወርድበት፣ በጓሮ በጓሮ የሚያልፍ፣ ሁለት ምንጭ ያለበት። አሁን ሁለት ቦታ ታጥሯል፣ የቀረው ቁጥቋጦ ውጦታል። የሚያውቀው ሰውም እያለቀ ነው። እስቲ እዚያ ስትደርሺ ምልክቱን ማን እንደሚቀባው፣ ምን ያህል እየተራራቀ እንደሚቀባ፣ ቀለሙ ምን እንደሆነ አጣሪና ንገሪን። መንግሥት ነው ወይስ ሰው?

ከጎቲንገን የተመለሰ፦
ጋሼ፣ ይሄንንስ በዓይኔ አይቼዋለሁ። በብዛት ሰው ነው። ሃርትስክሉብ የሚባል ማኅበር ከ1886 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ አለ፤ በየከተማው ቅርንጫፍ አለው፣ አባላቱ ያለ ደመወዝ ናቸው። አንድ ቀን ሰባ ዓመት የሚሆናቸው ሰውዬ ዛፍ ላይ ምልክት ሲያድሱ ደረስኩ። መጀመሪያ በትንሽ መፋቂያ ቅርፊቱን በስሱ አለሰለሱት፣ ግንዱ እንዳይቆስል። በጨርቅ ጠረጉት። ከዚያ ቀለሙን በዓይን ቁመት ልክ ቀቡት፣ እርጥቡ እንዳይፈስ በአውራ ጣታቸው ዳር ዳሩን ሰበሰቡት። መንገዱ የሚከፈልበት ቦታ ላይ አንድ፣ ካለፉት በኋላ ሃያ እርምጃ ያህል ሄደው ደግሞ አንድ። ለምን ሁለተኛው ብዬ ስጠይቃቸው «ሰው ከመታጠፊያው ካለፈ በኋላ ነው የሚጠራጠረው» አሉኝ። ኋላ ዞር ብለው ደግሞ ለሚመለሰው ሰው በዛፉ ጀርባ ቀቡለት።

የጅሬን መንገደኛ፦
ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እንዲህ ያለ መልስ አልጠበቅሁም። የመጀመሪያው ቅዳሜ ሽታይነርነ ሬነ፣ ሁለተኛው ብሮከን በሺርከ በኩል፤ ወስኛለሁ። ሃያ እርምጃዋን ጽፌ ይዣታለሁ።

ጋሼ፣ ከመሄዴ በፊት አራት ቅዳሜ አለኝ። የእግሩን መንገድ ቢያሳዩን እስከ ምንጮቹ ድረስ ያለውን እንኳ በስልክ እየቀዳን እንወጣለን። ቀለሙን ከመቀባታችን በፊት ግቢያቸው የሚያልፍባቸውን ሰዎች ማነጋገር አለብን፣ እርስዎ ካሉ ደግሞ እሺ ይሉናል። ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ፈረንጅ አራዳ ነን።

ጡረተኛው መምህር፦
እመጣለሁ። ፈረንጅ አራዳ ድረስ ግን አታስወርዱኝ። እናንተ ውጡና ከዳገቱ ሥር ዋርካው ጋ እንገናኝ፣ መንገዱ የሚጀምረው ከዚያ ነው። ቦቲ ጫማ አድርጉ፣ ከላይኛው ምንጭ በታች ዓመቱን ሙሉ ጭቃ ነው።