ቢጫው የክሮም ፍሳሽና የተበከለው አፈር፦ ከየት ልጀምር?

ጠያቂ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ብረት ክሮም የምናለብስበት ወርክሾፕ ውስጥ ነው የምሠራው። የማለቅለቂያው ፍሳሽ ቢጫ ነው፣ ከማጠራቀሚያው ጀርባ ያለው አፈርም ለዓመታት ሲፈስበት ኖሮ ቢጫ ሆኗል። አንዱ ፌንተን የሚባል የኬሚካል ማከሚያ ይለኛል፣ ሻጩ ሜምብሬን (ስስ የውሃ ማጣሪያ)፣ ሌላው ደግሞ ባክቴሪያ ይበላዋል ይላል። የቱን ልመን?

መልስ 1፦
ፌንተኑን ተወው። እዚያ ፐሮክሳይድና ብረት ተገናኝተው የሚሠሩት ኃይለኛ ኦክሲዳይዘር (ቆሻሻን አቃጥሎ የሚሰባብር ኬሚካል) ለጨርቅ ቀለም፣ ለፌኖል፣ በአጠቃላይ ባክቴሪያ እምቢ ላለው ኦርጋኒክ ቆሻሻ ግሩም ነው። ክሮሚየም ግን ንጥረ ነገር ስለሆነ አይጠፋም፣ መልኩን ነው የምትቀይረው። ቢጫው ክሮሚየም 6 ነው፤ በውሃ ይሟሟል፣ ካንሰርም ያመጣል። መርዝነቱ ወደሚያንሰው መልኩ፣ ወደ ክሮሚየም 3 ማውረድ አለብህ። ፒኤቹን (የአሲድነት መለኪያው ነው፣ ሲያንስ አሲዱ ይበዛል) በሰልፈሪክ አሲድ ከ2 እስከ 3 አድርሰህ ሶዲየም ባይሰልፋይት ስትጨምር ቢጫው ወደ አረንጓዴ ሲዞር በዓይንህ ታየዋለህ። ሁለቱ ሲገናኙ የሚወጣው ጋዝ ስለሚያፍን አየር በደንብ ይግባ። ከዚያ በኮስቲክ ሶዳ ወይም በኖራ ወደ 8.5 ገደማ ስታወጣው ክሮሚየሙ ዝቃጭ ሆኖ ይወርዳል። እዚህ ጋ ብዙ ሰው ይሳሳታል፦ ኖራ በበዛ ቁጥር ይሻላል ብሎ ይጨምራል፣ ፒኤቹ ከልክ ሲያልፍ ግን የወረደው ክሮሚየም ተመልሶ ይሟሟል። ቀለሙን ብቻ አትመን፣ ላቦራቶሪ ይለካልህ።

መልስ 2፦
ሜምብሬን ክሮሚየሙን አያጠፋውም፣ ጥቂት ውሃ ውስጥ ይሰበስበዋል እንጂ። ያ የተሰበሰበው የት ይሄዳል ብለህ ሻጩን ጠይቀው፣ መልስ ከሌለው አትግዛ።

ስለ አፈሩ፣ መጀመሪያ የሚፈሰውን አቁም። ከዚያ ላዩን ብቻ ሳይሆን ወደ ታችም እየቆፈርክ ናሙና ውሰድ፣ ክሮሚየም 6 ከውሃ ጋር ቁልቁል ይወርዳልና። ባክቴሪያ ናፍጣን ይበላል፣ ናይትሮጅን፣ ፎስፈረስና አየር ከሰጠኸው ደህና አድርጎ ይሠራል። ክሮሚየምን ግን አይበላም። ሞላሰስ የመሰለ ምግብ ስትሰጠው ወደ ክሮሚየም 3 ሊያወርደው ይችላል፣ ያም ትልቅ ጥቅም ነው። ብክለቱ ከርሰ ምድር ውሃ ከደረሰ ደግሞ የብረት ፍርፋሪ የተሞላ ግድግዳ የውሃው መንገድ ላይ ይቀበራል። አሜሪካ፣ ኖርዝ ካሮላይና፣ ኤልዛቤት ሲቲ ላይ በ1996 እንዲህ ያለ 46 ሜትር ግድግዳ ተቀብሯል፣ የክሮም ማልበሻ ሱቅ ያበላሸውን ውሃ ለማጣራት። ብቻ ክትትሉን እንዳትተው፦ አፈሩ ውስጥ ማንጋኒዝ ኦክሳይድ ካለ ክሮሚየም 3ን መልሶ ወደ 6 ሊወስደው ይችላል።

መልስ 3፦
አንድ ጥያቄ፣ አሲድ ከመጨመርህ በፊት። እዚያው ቤት ሳያናይድ (ገዳይ መርዝ ነው) ያለበት የመዳብ ወይም የዚንክ ማልበሻ አለ?

ጠያቂ፦
አዎ፣ የመዳቡ አለ። ፍሳሹም የሚገባው እዚያው ጉድጓድ ነው።

መልስ 3፦
እንግዲያው አሲድ ጠብታም እንዳይነካው! ሳያናይድና አሲድ ሲገናኙ የሚወጣው ጋዝ እዚያው ይገድላል። ዛሬውኑ ቧንቧዎቹን ለያይ። የመዳቡን ፍሳሽ ለብቻው፣ ፒኤቹን ከ10 በላይ አቆይተህ በሃይፖክሎራይት (በረኪና ውስጥ ያለው ኬሚካል) አክመው። ጉድጓዱ ውስጥ ቀድሞ የተቀላቀለውንም ሳያናይዱ ሳይለካ እንዳትነካው፣ ይህን የሚያውቅ ኬሚስት ይምጣልህ።