«ቁርስ» ውስጥ ጠዋት አለ?

የአራት ኪሎ ልጅ፦
ሰላም ለዚህ ቤት። ከጓደኛዬ ጋር ተሟግተን ዳኛ ፍለጋ ነው የመጣሁት። ትናንት አራት ኪሎ አንድ ካፌ ገብተን ግድግዳው ላይ «ቁርስ ቀኑን ሙሉ» የሚል ወረቀት አየን። ሰዓቱ ከቀኑ 9 ተኩል ነው። እሱ «ይሄ አማርኛ አይደለም፤ ቁርስ ጠዋት የሚበላ ነው፤ ፈረንጆቹ በስሙ ጾም መስበር የሚሉት ሌሊቱን ያለ ምግብ ያደረ ሰው ስለሚበላው ነው፤ የኛም ከዚያው ነው» ብሎ ድርቅ አለ። እኔ ግን ቃሉ ውስጥ ጠዋቱም ጾሙም አልታይ አለኝ። ማን ነው ልክ?

ቀይ ብዕር፦
ጓደኛህ የእንግሊዝኛውን ልክ ብሏል፤ የአማርኛውን ነው የሳተው።

«ቁርስ» የ«ቆረሰ» ልጅ ነው። ቆረጠ ካልክ ቁርጥ፤ ጎረሰ ካልክ ጉርስ («የዕለት ጉርስ፣ የዓመት ልብስ» የሚባለው)፤ ቆረሰ ካልክ ቁርስ። ወንድምና እህቶቹም ቁራሽና ቁርስራሽ ናቸው። አኩፋዳውን አንግቶ በየደጃፉ «በእንተ ስማ ለማርያም» የሚለው የቆሎ ተማሪ የሚለምነው ቁራሽ ነው። በቃሉ ውስጥ የሚቆረሰው እንጀራው ወይም ዳቦው እንጂ ጾሙ አይደለም። የጠዋቱ ምግብ ይህን ስም ያገኘው ሙሉ ማዕድ ሳይሆን ቆረስ አድርገው የሚነሡበት ስለነበረ ይመስለኛል።

ሰዓት እንደሌለበት ለማወቅ ደግሞ መዝገበ ቃላት አያሻም። የቡና ቁርስ በስንት ሰዓት ትበላለህ? ቆሎው፣ ፈንዲሻው፣ ዳቦው ከሰዓት በኋላም ቢመጣ፣ ከእራት በኋላም ቢመጣ ያው የቡና ቁርስ ነው። «የቡና መክሰስ» ሲል የሰማሁት ሰው የለም።

የአራት ኪሎ ልጅ፦
የቡና ቁርስ! ትናንት አፌ ላይ ብትመጣልኝ ማኪያቶውን እሱ ይከፍል ነበር።

ሰንደል፦
ጋሽ ቀይ ብዕር እንዳሉት ነው፤ እኔ የምጨምረው ከጾሙ በኩል ነው። እኛ ቤት ረቡዕና ዓርብ ቁርስ የለም፤ እስከ 9 ሰዓት ይጾማል። በዐቢይ ጾም 55 ቀን ሙሉ፣ ቅዳሜና እሑድ ሲቀሩ፣ ጠዋት እሳት የሚነደው ለልጆች ብቻ ነው። ታዲያ 9 ሰዓት ላይ ቀምሰን ጾማችንን ስንፈታ «ቁርስ በላን» ብለን አናውቅም። «እህል ቀመስን» ነው የምንለው።

የፋሲካን ሌሊት አስቡት። ቅዳሴው አልቆ፣ ከሌሊቱ 9 ሰዓት አካባቢ ቤት ገብተን ዶሮው ሲቀርብ፣ እውነተኛው ጾም መስበር ማለት ያ አይደል? ከዚያ የበለጠ ጾም የሚሰበርበት ማዕድ በዓመት ውስጥ የለም። ግን «መፈሰክ» እንላለን፣ «መግደፍ» እንላለን፤ «ኑ ቁርስ እንብላ» ያለ ሰው በዕድሜዬ አልሰማሁም። የጓደኛህ ትርጉም እውነት ቢሆን ኖሮ ቁርስ በዚያ ሌሊት ነበር መጠራት የነበረበት።

ሚስክ፦
የኛም ቤት እንደዚሁ ነው። በረመዷን ጾም የሚፈታበት ኢፍጣር ነው፤ ከንጋት በፊት የሚበላው ሱሁር ነው። ሁለቱንም ቁርስ የሚል የለም። አረብኛ ላይ ስትሄዱ ግን ነገሩ እንደ እንግሊዝኛው ይሆናል፦ የጠዋቱ ምግብ «ፉጡር» ነው፤ ኢፍጣርም ከዚያው ሥር ነው። እኛ ከተማ ያለው አማርኛ «አፈጠርኩ»ን ወስዶ ፉጡርን ትቶታል፤ የጠዋቱን ቦታ ቁርስ ይዞት ስለነበር ይሆናል።

ቀይ ብዕር፦
ሚስክ፣ ጥሩ በር ከፈትሽ። ያ የአረብኛ ሥር ከእኛው «ፈጠረ» ጋር አንድ ነው። መነሻው መሰንጠቅ ነው፤ ከዚያ ወደ መጀመር፣ ወደ ማስገኘት ሄዷል። በቁርኣን 82ኛው ሱራ ስሙን ያገኘው ከሰማይ መሰንጠቅ ሲሆን፣ 35ኛው ፋጢር ደግሞ ፈጣሪ ማለት ነው። ስለዚህ ማፍጠርና መፍጠር የአንድ አያት ልጆች ናቸው። ይሄን ዛሬ ማታ ለልጆችሽ ንገሪያቸው።

ፈረንሳዮችማ ጉዳቸው ነው። የጠዋቱን ምግብ በቀጥታ «ጾም መፍቻ» አሉት። ከጊዜ ብዛት ቃሉ ወደ ቀትር ተንሸራቶ ምሳ ሆነባቸውና ለጠዋቱ «ትንሹ ጾም መፍቻ» ብለው ሌላ አወጡ። የእራታቸው ስምም የተወለደው ከዚያው የላቲን ቃል ነው። የምግብ ስም ሰዓቱን ይዞ አይቀመጥም፤ ይሄዳል።

የእኛም ተንሸራቷል። የዮሐንስን ወንጌል ምዕራፍ 21 አውጡ። በነጋ ጊዜ ጌታ በባሕሩ ዳር ቆሞ፣ ዓሣው ፍም ላይ ሆኖ፣ ደቀ መዛሙርቱን ምን አላቸው? በአማርኛው «ኑ፥ ምሳ ብሉ» ነው የሚለው። ጎሕ ሲቀድ ምሳ! ተርጓሚዎቹ አልተሳሳቱም፤ የግሪኩ ቃል ራሱ መጀመሪያ የጠዋት ምግብ የነበረ ኋላ ወደ ቀትር የሄደ ነው። የእኛም «ምሳ» ከግዕዙ «ምሳሕ» ሲመጣ በሰዓት ቆጣሪ የታሰረ አልነበረም፤ ግብዣም ማለት ነው።

የአራት ኪሎ ልጅ፦
ቆይ ጋሼ፣ አንድ ጥያቄ። በእጅ ሲሆን «ቆረሰ»፣ በቢላ ሲሆን «ቆረጠ» ነው አይደል? ታዲያ ድፎ ዳቦ በቢላ ሆኖ ለምን «ተቆረሰ» እንላለን?

ሰንደል፦
ኬኩስ! ሙሽሮች ቢላውን ሁለት ሆነው ይዘው እያየናቸው «ኬክ ቆረሱ» ነው የምንል። ኬክ ቤት ሄደህ «ግማሽ ኪሎ ቁረጪልኝ» ትላለህ፤ ልደት ላይ ግን ይቆረሳል። ለእኔ ልዩነቱ የመሣሪያ አይደለም። የሚቆረስ ነገር ተቀባይ አለው። ለራስህ ትቆርጣለህ፣ ለሰው ትቆርሳለህ። የዳቦ ስምም እኮ ሰፈር ውስጥ የሚወጣው ልጆቹ ተሰብስበው ዳቦ ቆርሰው ነው፤ ብቻውን ስም ያወጣ የለም።

ቀይ ብዕር፦
«ለራስህ ትቆርጣለህ» የሚለው ላይ አልስማማም፤ ብቻውን የተቀመጠ ሰውም ከእንጀራው ቆርሶ ይጎርሳል። ስለ ድፎውና ስለ ኬኩ ግን እጅ ሰጥቻለሁ፤ ከእጅና ከቢላው ሕግ የእርስዎ ይሻላል።

ሁለት ቋንቋ፦
ዝም ብዬ ሳነብ ነበር፤ አሁን ግን አልቻልኩም። የዚያ ካፌ ሜኑ ላይ ጨጨብሳ አለ? በኦሮምኛ «ጨብሱ» መስበር ነው። ደጋግሞ መሰባበር ሲሆን «ጨጨብሱ» ይሆናል። ጨጨብሳ ማለት እንግዲህ የተሰባበረው ማለት ነው፤ ቂጣው ተሰባብሮ በቅቤና በበርበሬ የሚታሸው። አማርኛው ቁርስ ብሎ ሰበረ፣ ኦሮምኛው ሳህኑ ላይ ያለውን ሰበረ።

ቀይ ብዕር፦
ይሄን አላውቅም ነበር። እንዲህ ከሆነማ ሜኑው በሙሉ ስብርብር ነው። ፍርፍር ከፈረፈረ። ፍትፍት ከፈተፈተ፣ እሱም ከግዕዙ ፈተተ፤ ቅዳሴ ላይ ኅብስቱ የሚፈተትበት ቃል ነው፤ በአማርኛው ወንጌል «ቆርሶም» ተብሎ የገባው ቦታ። አረቦች ዳቦ ቆራርሰው መረቅ የሚያፈሱበትን ምግብ «ፈታ» የሚሉትም ከዚያው ሥር ነው። (ጾም ከምንፈታበት «ፈታ» ጋር እንዳይምታታባችሁ፤ ያኛው ከግዕዙ ፈትሐ ነው፤ ሌላ ቤተሰብ።)

ቂንጬን እንኳ ብታይ ስንዴው ተከክቶ ነው። እንቁላሉም ፍርፍር ነው። ከዚያ ዝርዝር ውስጥ ሳይሰበር የሚቀርብ ገንፎ ብቻ ነው መሰለኝ።

ሁለት ቋንቋ፦
ቦምቦሊኖም አለ፤ ድብልብል።

ሚስክ፦
ቦምቦሊኖ የጣሊያን ነው፤ አይቆጠርም።

የአራት ኪሎ ልጅ፦
እሺ፣ መክሰስስ? ጋሼ ቅድም ስላነሱት ነው። ከሰዓት በኋላ ቢሮ ውስጥ «መክሰስ ፈልጌ ነበር» ብዬ አንዷ ባልደረባዬ «ማንን?» ብላ ደንግጣለች።

ቀይ ብዕር፦
እሱን ለብቻው አንሣው። እዚህ ከጀመርነው ጠበቃ ያስፈልገናል።

የአራት ኪሎ ልጅ፦
እሺ። ዛሬ ደግሞ ጓደኛዬን ይዤው እዚያው ካፌ ተመለስኩ፤ 10 ሰዓት ላይ። የቡና ቁርስንም፣ የፋሲካንም ሌሊት፣ የዮሐንስንም ምዕራፍ አንድ በአንድ ዘረዘርኩለት። ዝም አለ። ከዚያ አስተናጋጇን ጠርቶ «ቁርስ አለ?» አላት።

«ፍርፍር አልቋል፤ ጨጨብሳ አለ። ግን ለስንት ሰው ነው? ትልቅ ነው፣ አንዱ ለሁለት ይበቃችኋል» አለችን።

አንድ አዘዝን።