እግር ላይ የሚታሰረው ጂፒኤስ፦ አልቦ ነው እግር ብረት?

የአራት ኪሎው ጠጋኝ፦
ሰላም ለሁላችሁ። አራት ኪሎ ስልክ እጠግናለሁ። የአክስቴ ልጅ ለንደን ተፈርዶበት፣ የቀረውን ጊዜ ቤቱ ሆኖ እየጨረሰ ነው። ባለፈው በቪዲዮ ስናወራ ሱሪውን ሰብሰብ አድርጎ ቁርጭምጭሚቱን አሳየን። ሰዓት የመሰለ፣ ከቤት ከወጣ የሚያሳብቅ ጥቁር ነገር ታስሮበታል። ከማታ 1 ሰዓት እስከ ጠዋት 1 ሰዓት ከቤት መውጣት የለም። አክስቴ «ልጄ አልቦ አደረገልኝ» ብላ ሳቀች። ወዲያው ደግሞ አለቀሰች።

እኔ ግን ቀናሁ። አምና ወንድሜ በዋስ ውጣ ከተባለ በኋላ ብሩ እስኪሞላ 11 ቀን ጣቢያ ተቀምጧል። ስንቅ ያመላለስኩት እኔ ነኝ። ይቺን አስረው ቢለቁት ምን ነበረበት? ሕግ የምታውቁ፣ እኛ አገር ያስኬዳል? መብራት ሲጠፋስ?

ጠበቃ ነኝ፣ ልደታ፦
ወዳጄ፣ ሁለቱን አታደባልቅ። ያኛው ተፈርዶበታል፤ ወንድምህ ገና እንደ ንጹሕ የሚቆጠር ሰው ነበር። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 የዋስ መብት ይሰጠዋል። አንቀጽ 26 ደግሞ የግል ሕይወቱን ይጠብቃል፤ ይህን መብት ለመገደብ አስገዳጅ ምክንያትና ዝርዝር ሕግ ያስፈልጋል። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም እ.ኤ.አ. በ2015 ሰው ላይ የሄደበትን የሚከታተል ጂፒኤስ ማሰር ራሱ ፍተሻ ነው ብሏል።

እኔን የሚያሳስበኝ መዝገቡ ነው። ደንበኛዬ እኔ ቢሮ መጣ፣ ንስሐ አባቱ ጋ ሄደ፣ ሁሉም ይመዘገባል። ማን ያየዋል? መቼ ይጠፋል? የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ 1321/2016 አለን፤ ይሄ ግን የራሱ ሕግ ይፈልጋል። ደግሞ አሜሪካ ብዙ ቦታ የመሣሪያውን የቀን ኪራይ የሚከፍለው ራሱ የታሰረበት ሰው ነው።

ካዛንቺስ፦
ማታ 1 ሰዓት ቤት? የታክሲውን ሰልፍ ለዳኛው ማን ያስረዳል 😂

ለንደን ያየሁት፦
ጠጋኙ፣ ዘመድህ ቤት ትንሽ ሳጥን አለች? ካለች የሱ በሬዲዮ ሞገድ የሚሠራው ነው። በሰዓቱ ቤት መኖሩን ብቻ ነው የምታየው፣ የት እንደዋለ አታውቅም። እግሩ ላይ ያለው በየቀኑ ቻርጅ አይፈልግም፤ ሳጥኗም የራሷ ባትሪ አላት። ጂፒኤሱ ሌላ ነው። እኔ እሱን ነበር ያሰርኩት። በየቀኑ አንድ ሰዓት ያህል ሶኬት ሥር እግሬን ዘርግቼ እቀመጣለሁ፣ እንደ ስልክ። እንግዳ ሲመጣ በጋቢ እሸፍነው ነበር።

የአራት ኪሎው ጠጋኝ፦
ሳጥኗ አለች፣ ቴሌቪዥኑ አጠገብ። ስለ ኪራዩ ለወንድሜ አነበብኩለት። «በቀን ስንት?» አለኝ።