የታሪክ ልብወለድና የታሪክ መጽሐፍ ላይ ሂስ ልጽፍ ነው፤ በምን ልመዝናቸው?

ጠያቂ፦ ሰላም ለዚህ ቤት። አራት ኪሎ ያለው የንባብ ክበባችን ሁለት መጻሕፍት ላይ ሂስ እንዳቀርብ ጠይቆኛል። ሁለቱም ስለ የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ናቸው፤ ግራዚያኒ ላይ ቦምብ ስለተወረወረበትና ጣሊያኖች የአዲስ አበባን ሕዝብ መጨፍጨፍ ስለጀመሩበት ቀን። አንዱ ልብወለድ ነው፣ ሌላው ለሰፊው አንባቢ የተጻፈ ታሪክ። ልብወለዱ እንቅልፍ ነስቶኛል፤ ግን ቦምቡ የተወረወረው ታላቁ ቤተ መንግሥት ነው ይላል። የታሪክ መጽሐፉ ደግሞ ቦምቡን የወረወሩት አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም የተባባሉትን ቃል በቃል ያስቀምጣል። ከየት እንዳገኘው ግን የለም። እንዴት ብዬ ልጻፍ?

የስድስት ኪሎ ልጅ፦ እህቴ፣ ቦታው ገነተ ልዑል ነው፤ የዛሬው የስድስት ኪሎ ዩኒቨርሲቲ ግቢ። ግን «ተሳስቷል» ብለሽ ብቻ አትለፊው። ስህተቱ ታሪኩን ምን አደረገው? ከገነተ ልዑል የሚሸሽ ሰው ወይ ወደ ጃንሜዳ ነው፣ ወይ ቁልቁል ወደ አፍንጮ በር። ግቢው ሲቀየር የሽሽቱ መንገድ ሁሉ ይበላሻል። ከተማዋን የሚያውቅ አንባቢ እዚያ ጋ መጽሐፉን ማመን ያቆማል። ገጹን ጠቅሰሽ አሳዪ።

መምህርት፦ እኔ እዚህ ላይ ትንሽ እለያለሁ። ልብወለዱን መጀመሪያ በልብወለድነቱ መዝኚው። ሰዎቹ የዘመናቸውን ሰው ይመስላሉ? ወይስ የዛሬ ወጣት ካባ ደርቦ ነው የሚያወራው? ምጽዋት ይሰጣል ተብለው ግቢው የተሰበሰቡት ድሆች ስምና ፊት አላቸው? ልብወለድ የሚያስፈልገን ለዚህ ነው እኮ። ደራሲው መጨረሻ ላይ የቀየረውን በግልጽ ጽፎ ከሆነ ደግሞ ፍርድሽ ይለዝብ።

የወመዘክር ደንበኛ፦ የታሪክ መጽሐፉን ግን አትማሪው። ንግግር መፍጠር የልብወለድ መብት ነው፤ ታሪክ ነኝ ያለ ምንጩን ያሳይ። ቀኖቹንም ፈትሺ። የካቲት 12 በፈረንጆቹ ፌብሩዋሪ 19 ቀን 1937 ነው። ከውጭ መጽሐፍ የቀዳ ሰው ወሩን በእኛ፣ ዓመቱን በነሱ ይጽፍና ይያዛል። ከዚያ የሟቾቹን ቁጥር እዪ። የኢትዮጵያ መንግሥት 30,000 ብሏል፤ ዝቅ የሚያደርጉት አጥኚዎችም አሉ። አንዱን ብቻ መርጦ ለምን እንደመረጠ ካልነገረን፣ ጉድለት ነው።

ጠያቂ፦ እግዜር ይስጥልኝ። ጥቅሶቹን የት ላመሳክር?

የወመዘክር ደንበኛ፦ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም እዚያው ስድስት ኪሎ ግቢ ውስጥ ነው። ብሔራዊው ቤተ መጻሕፍት፣ ወመዘክርም አለልሽ። መታወቂያሽን ያዢ። ፈልገሽ ካጣሽው «ምንጩን አላገኘሁትም» በይ እንጂ «ፈጥሮታል» አትበይ።