«ምስሉን ያቆሽሻል» ማለት ምን ማለት ነው?

የልደታው፦ ትናንት ሄኖክ እዚሁ ግሩፕ ላይ የለቀቀውን አይታችኋል? ላላየ ልድገመው። «የምስክር ቃል ስንቀርጽ ቀንና ሰዓት ምስሉ ላይ አናደርግም፤ ምስሉን ያቆሽሻል። የፈለገ ሰው ፋይሉ ውስጥ ያገኘዋል።» ከሜክሲኮ እስከ ልደታ ያለ የጠበቃ ቢሮ ሁሉ የሚጠራው ቀራጭ ነው እንግዲህ ይሄን ያለው። ወንድሜ፣ ሙሽራ አይደለም የምትቀርጸው።

ሄኖክ ካሜራ፦ ሙሽራማ ብትሆን ክፍያው በሰዓቱ ይገባ ነበር። ነገሩን ግን ሙሉውን አንብበው። ቁጥሩ አንዴ ከምስሉ ጋር ከተቀረጸ አይነሳም። ምስክሩ ውል ከፍ አድርጎ ሲያሳይ ቁጥሩ ፊርማው ላይ ያርፋል። ደርሶብኛል። ከዚያ ጠበቃው ራሱ «ይሄን ነገር አጥፋልኝ» ይላል።

የልደታው፦ ታዲያ ጥግ ላይ አድርገዋ! «ያቆሽሻል» ነው ያልከው እኮ። ማስረጃ ከመቼ ወዲህ ነው በውበቱ የሚመዘነው?

ሰላም ጠ.፦ እኔን ያናደደኝ ሌላ ነው። የፖሊስ ምርመራ ቪዲዮን አስቡት። የሚታየው ግድግዳ፣ ጠረጴዛና አንድ ሰው ነው። መስኮት የለም። ቀን ይሁን ሌሊት በምን ታውቃለህ? ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 ንዑስ 3 ላይ የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት ይቅረብ ይላል። ንዑስ 5 ደግሞ በማስገደድ የተገኘ ማስረጃ ተቀባይነት የለውም ይላል። ጥግ ላይ «ከሌሊቱ 9፡40» የሚል ቢነበብ ያቺ ቁጥር ብቻዋን ስንት መስቀለኛ ጥያቄ ትወልድ ነበር።

ሄኖክ ካሜራ፦ ሰላምዬ፣ 48 ሰዓቱ የሚቆጠረው ሰውየው ከተያዘበት ጀምሮ ነው። ሲያዝ ካሜራ ነበር እንዴ? ደግሞ እኔ ፖሊስ አይደለሁም። የማወራው ለውጭ አገር ክስ እዚህ ሆነው ቃል ስለሚሰጡ ሰዎች ነው።

ሰላም ጠ.፦ መነሻውን ከመዝገብ እናገኘዋለን። መድረሻውን ነው ያጣነው። እሱን ደግሞ አንተ አቆሸሸብኝ ብለህ ጠረግከው።

ዳዊት ቨርጂኒያ፦ ስለ ውጭ አገር ክስ ካነሳችሁ ልግባ፤ ዲፖዚሽን፣ ማለት ከችሎት ውጭ የሚወሰድ የምስክር ቃል፣ የእለት ሥራዬ ነው። የአሜሪካን የፌዴራል ፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ደንብ 30ን እዩት። ቀረጻውን የሚመራው ሰው መጀመሪያ ላይ ስሙን፣ ቀኑን፣ ሰዓቱንና ቦታውን፣ የምስክሩን ስም በአፉ ይናገራል። ካርዱ ወይም ቴፑ በተቀየረ ቁጥር ይደግመዋል። ሲያልቅም አለቀ ይላል። ምስሉ ላይ ይታተም የሚል ግን ደንቡ ውስጥ የለም። እንዲያውም በቀረጻ ዘዴ የምስክሩ መልክና ሁኔታ መዛባት የለበትም ይላል።

ሄኖክ ካሜራ፦ አመሰግናለሁ! መዛባት የለበትም። ሰማችሁ?

የልደታው፦ ጥግ ላይ የተቀመጠ ቁጥር የማንን መልክ ነው የሚያዛባው? ዳዊት፣ እዚያው ደንብ ላይ ምስክር በአንድ ቀን ከ7 ሰዓት በላይ አይጠየቅም ይል የለ? ዕረፍቱ ሳይቆጠር ማለት ነው። እሱን በጣታችሁ ነው የምትቆጥሩት?

ዳዊት ቨርጂኒያ፦ ቀራጩ ይይዘዋል። በተግባር ብዙዎቹ ሰዓቱን ምስሉ ላይም ያስቀምጡታል። ደንቡ አያስገድድም ነው ያልኩት። እናንተ ግሩፕ ላይ ሰው ሲናገር ማዳመጥ የለም።

የልደታው፦ አዳምጫለሁ። በአፍ የተነገረ ሰዓት መጀመሪያ ላይ ይቀራል። መሃል ላይ ሦስት ደቂቃ ቆርጠህ ብታወጣ ማን ያውቃል? ቁጥሩ ካለ ግን ከ10፡14 ወደ 10፡17 ዘለለ ብዬ እጠይቅሃለሁ።

ሄኖክ ካሜራ፦ ሦስት ደቂቃ መቁረጥ የሚችል ሰው አዲስ ቁጥር መለጠፍ ያቅተዋል? የካሜራ ሰዓት እኮ ከሜኑ ገብተህ የፈለግከው ቀን ላይ የምታስቀምጠው ነገር ነው። የውስጥ ባትሪው ሲሞት ደግሞ ራሱ ዓመታት ወደ ኋላ ይሄዳል። የሱቆቹን የደህንነት ካሜራ ሂዱና እዩ። ከቻይና በመጣበት ሰዓት የሚሠራ ሞልቷል፤ ከእኛ 5 ሰዓት ይቀድማል። እኩለ ቀን ላይ የተሰረቀ ስልክ አመሻሹ ላይ ተሰረቀ ይልሃል። እናንተ ደግሞ ቁጥር ካያችሁ ታምናላችሁ።

ሰላም ጠ.፦ ስለዚህ ምንም አይኑር? «ፋይሉ ውስጥ ያገኘዋል» ያልከውስ? በቴሌግራም ስትልከው ቪዲዮው ይጨመቃል፤ ፋይሉ ውስጥ የነበረው መረጃም ይራገፋል። ፍላሽ ላይ ስትገለብጠው «የተፈጠረበት ቀን» የሚለው የገለበጥክበት ቀን ሆኖ ቁጭ ይላል። ፍርድ ቤት የምናስገባው ደግሞ ፍላሹን ነው።

ብሩክ ኤሌክትሮኒክስ፦ ትራይፖድ አለኝ፣ እንደ አዲስ ነው፣ ኢንቦክስ።

አድሚን፦ ብሩክ፣ ሽያጭ ክልክል ነው ተብሏል።

ጋሽ ታደሰ፦ ልጆች፣ ጡረታ ከመውጣቴ በፊት ዕድሜዬን የጨረስኩት ሬጅስትራር ውስጥ ነው። ቁጥሩ ይኑር ካላችሁ በማን አቆጣጠር ነው? መዝገቡ ጳጉሜን 3 ይላል። ካሜራው ጳጉሜን የሚባል ወር አያውቅም፤ 09/08 ይላል። አሜሪካኑ ሴፕቴምበር 8 ብሎ ያነበዋል፣ ልክ ነው። እንግሊዙ ኦገስት 9 ይለዋል። የእኛ ልጅ ችሎት ላይ ሚያዝያ 9 ብሎ ይጽፈዋል። መዝገቡ ከቀኑ 8፡20 ሲል ቪዲዮው 14፡20 ይላል። ዳኛው ፊት ይሄን ስታስረዱ ግማሽ ቀን ያልቃል።

ሄኖክ ካሜራ፦ ጋሼ ይኑሩልኝ!

ዳዊት ቨርጂኒያ፦ ጋሽ ታደሰ ያነሱት እውነት ነው። ግን መፍትሔው ቀላል አይደል? ለሕግ ሥራ ሁሉም በዓለም አቀፉ ሰዓት ይሂድ።

የልደታው፦ ኧረ ተው! ቨርጂኒያ ሆነህ የልደታን ሰዓት ልታስተካክል? ፍርድ ቤታችን ቀጠሮ የሚሰጠው በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው። ደንበኛዬ «ከሰዓት በ8» ሲባል ነው የሚመጣው።

ዳዊት ቨርጂኒያ፦ ደንበኛህን አልነካሁም። ቪዲዮው የሚታየው እዚህ ከሆነ እዚህ በሚነበብበት ይጻፍ ነው።

ሜሮን ቀበና፦ ወደ ውጭ የሄደ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚያስተካክለው ሰዓታችንን ነው 😂

ዳዊት ቨርጂኒያ፦ ሜሮን፣ አንቺ ደግሞ ከየት መጣሽ?

ሜሮን ቀበና፦ ከቀበና።

ሰላም ጠ.፦ እባካችሁ ወደ ነገሩ። ሁለት ቅጂ ይሁን። አንዱ ምንም ያልተነካ፣ ታሽጎ የሚቀመጥ። ሌላው ቀንና ሰዓት በሁለቱም አቆጣጠር ጥግ ላይ ያለበት፣ ለችሎት የሚታይ። ቀረጻው ሲጀመር ሄኖክ የስልኩን ሰዓት ካሜራው ፊት ያሳይ። ጭቅጭቅ ሲነሳ የታሸገው ይከፈታል።

ሄኖክ ካሜራ፦ ሁለተኛውን ቅጂ ማን ይከፍላል? የ5 ሰዓት ቀረጻ ላይ ቁጥር ጭኖ ማውጣት ኮምፒውተሬን ሌሊቱን ሙሉ ይይዘዋል። መብራት ከጠፋ ደግሞ ከሀ ነው የምጀምረው።

ጋሽ ታደሰ፦ ለምን ከምስክሩ ኋላ የግድግዳ ሰዓት አትሰቅሉም? በነጻ ነው።

ሄኖክ ካሜራ፦ ጋሼ፣ የልደታው ቢሮ ያለው የግድግዳ ሰዓት 4 ሰዓት ላይ ከቆመ ከርሟል። ምስክሩ ቀኑን ሙሉ 4 ሰዓት ላይ ሲያወራ ሊውል ነው።

የልደታው፦ የቢሮዬን ሰዓት ተወው። ካሜራህ ላይ ያለችውን አብራት ነው ያልኩህ። አንድ ቁልፍ ናት። ለአንዲት ቁልፍ ነው ይሄን ሁሉ «ያቆሽሻል» የምትለው?

ሄኖክ ካሜራ፦ አበራታለሁ። ከዚያ አንዱ ተነስቶ ካሜራው 2 ደቂቃ ይቀድማል፣ ቪዲዮው ውድቅ ይሁን ሲል ማን ሊቆም ነው እዚያ? አንተ ወይስ እኔ?

የልደታው፦ አንተ ነህ እንጂ። ቀራጩ አንተ አይደለህ?

ሄኖክ ካሜራ፦ አየኸው! ለዚህ ነው የማላበራት።

የልደታው፦ እንግዲያው የሐሙሱን ሌላ ሰው ይቀርጸዋል።

ሄኖክ ካሜራ፦ ይቅረጸው። ያለፈውን ሂሳብ ግን አስቀድመህ ዝጋ።

ሰላም ጠ.፦ ሁለት ቅጂ ላይ እኮ ማንም አልመለሰልኝም።