በኪሮሽ ለውሻና ለድመት መኝታ መሥራት፦ ለድሬዳዋ ሙቀት የትኛው ክር ይሻላል?

ጥያቄ (ከድሬዳዋ፣ ሳቢያን)

የተከበራችሁ አባላት፣ እኔና ሁለት ጎረቤቶቼ ከመንገድ ያነሣናቸውን አምስት ውሾችና አንዲት ድመት ከነግልገሎቿ በግቢያችን እናቆያለን። ከልጅነቴ ጀምሮ ለሶፋና ለጠረጴዛ ዳንቴል ስሠራ ስለኖርሁ፣ የእነርሱንም መኝታ በኪሮሽ ልሥራ ብዬ ከገበያ በገዛሁት ወፍራም ክር ሁለት ሠርቼ ነበር፤ ሁለቱም አልሆኑልኝም። የመጀመሪያውን እንደለመድሁት ባለ ቀዳዳ አበባ አድርጌ ስለሠራሁት፣ የአንዷ ግልገል ጥፍር ክሩ ውስጥ ተይዞ ስትጮኽ ደርሼ በመቀስ ቆርጬ አስለቀቅኋት። ሁለተኛውን ውስጡን ሞልቼ እንደ ፍራሽ አወፈርሁት፤ ሲታጠብ ግን ሁለት ቀን ሙሉ ሳይደርቅ ቆይቶ ሸተተ። ያረጀችው ውሻም ትታው ሲሚንቶው ላይ ትተኛለች፤ ፊት እግሯ ላይ፣ መሬት በሚነካው መታጠፊያዋ፣ ፀጉሩ አልቆ ቆዳው ጠንክሯል። የክሩን ዓይነት፣ አሠራሩንና ስፋቱን ብታስረዱኝ እጅግ አመሰግናለሁ።

መልስ (ከድሬዳዋ፣ ከዚራ)

እህቴ፣ ዳንቴል የሚያምረው በቀዳዳው ነው፤ የእንስሳት መኝታ ግን ትንሿ ጣትዎ እንኳ የምታልፍበት ቀዳዳ ሊኖረው አይገባም። ስለዚህ ክሩን አስቀድመው ኪሮሹ ላይ ሳይጠመጥሙ፣ አንድ ቀለበት ስበው አውጥተው ሁለቱን በአንድ ጊዜ በማሳለፍ የሚሠራውን አጭሩንና ጥብቁን አሠራር ብቻ ይጠቀሙ። ጊዜ ይወስዳል፤ ነገር ግን እንደ ሰሌን ጠፍጥፎ ይቀመጣል፣ ጥፍርም አይዝም።

ከሁሉ በፊት የገዙት ክር ምን እንደሆነ ይወቁ፤ በገበያችን ብዙው ክር ጽሑፍ የለውምና። ጣት የሚያህል ቆርጠው በመቆንጠጫ ይዘው ከውኃ አጠገብ ያቃጥሉት። ጥጥ እንደ ወረቀት ነድዶ ለስላሳ ዐመድ ይሆናል፤ የበግ ፀጉር የተቃጠለ ጠጉር ይሸታል፤ ሰው ሠራሹ ግን ይቀልጥና ሲቀዘቅዝ ጠንካራ ጥቁር እንክብል ሆኖ ይቀራል። ለእኛ ሙቀት ጥጡ ይሻላል፤ የፈላ ውኃም ይችላል።

የጥጥ ክር ከተወደደብዎ ከሰልባጅ ተራ የጥጥ ካናቴራ ይግዙ። ከብብቱ በታች ያለውን ክፍል፣ የታችኛውን ቅምቅማት አውጥተው፣ ሁለት ወይም ሦስት ሳንቲ ሜትር እያደረጉ ሳይበጥሱ ዙሪያውን እየዞሩ ይቁረጡት፤ ከዚያ ሳብ ሲያደርጉት ጫፍና ጫፉ ወደ ውስጥ ተጠቅልሎ ወፍራም ክር ይሆናል። ለዚህ 10 ሚሊ ሜትር ኪሮሽ ያስፈልግዎታል፤ ለተራው ወፍራም ክር 5 ወይም 6 ይበቃል።

ክብ ለመሥራት ከላይ ያልሁትን አጭር አሠራር 6 ጊዜ ሠርተው ይጀምሩና በየዙሩ 6 ይጨምሩ። ጠርዙ ወደ ላይ ከተጠቀለለ የጨመሩት አንሷል፣ ከተጨማደደ በዝቷል ማለት ነው። ለድመቷ 40 ሳንቲ ሜትር ሲደርስ መጨመሩን ያቁሙ፤ ጠርዙ በራሱ ተነሥቶ እንደ ቅርጫት ያቅፋቸዋል። የክሩን ጫፍ ቋጥረው አይተዉ፤ ሦስት ጊዜ ወዲያና ወዲህ እያመላለሱ ይቅበሩት።

መልስ (ከሐረር፣ ጁገል)

እኛ ዘንድ ነገሩ ይለያል። ሐረር ከድሬዳዋ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ብትርቅም ከፍታዋ ወደ 1,900 ሜትር ስለሚጠጋ፣ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ቡችላ በስስ ምንጣፍ አያድርም። ስለዚህ መሙያ ያለው መኝታ እሠራለሁ፤ መኝታውን የሚያሸተው ግን መሙያውን ከኪሮሹ ሥራ ጋር አብሮ መስፋት ነው። ልብስ ሰፊዎች በሚሠሩበት፣ መኪና ግርግር በሚባለው መንገድ፣ የሚወድቀውን ቁርጥራጭ ጨርቅ ለምኜ በጥጥ ከረጢት እሞላና፣ የኪሮሹን ሽፋን በጀርባው እንደ ፖስታ ተደራራቢ አድርጌ ያለ ዚፕና ያለ ቁልፍ እተወዋለሁ። በሚታጠብበት ቀን ከረጢቱ ይወጣል፣ ሽፋኑ ብቻውን ይደርቃል።

ስፋትን በተመለከተ፣ በአሜሪካ ለመጠለያ እንስሳት ብርድ ልብስ በኪሮሽ የሚሠሩ በጎ ፈቃደኞች የሚከተሉት፣ ስናግልስ የተባለው ፕሮጀክት ልክ ወደ 35፣ 60 እና 90 ሳንቲ ሜትር የሚጠጋ አራት ማዕዘን ነው፤ ለግልገል፣ ለመካከለኛ ውሻና ለትልቅ ውሻ ይስማማል። ለራስዎ ውሻ ግን ተዘርግታ ስትተኛ ከአፍንጫዋ እስከ ጭራዋ ሥር ለክተው 20 ሳንቲ ሜትር ይጨምሩ።

መልስ (የእንስሳት ሐኪም፣ ድሬዳዋ)

አሮጊቷ ውሻ ሲሚንቶ የምትመርጠው ከሙቀቱ ስለሚያቀዘቅዛት ነው፤ የጠነከረው ቆዳ ግን ክብደቷ በአጥንቷ ላይ ስለሚያርፍ የመጣ በመሆኑ ቆይቶ ሊቆስል ይችላል። አጭር ጠፍር አልጋ ቢያገኙላትና ስሱን የጥጥ ምንጣፍ በላዩ ቢያነጥፉላት፣ ከሥሯ አየር ስለሚያልፍ ሳትሞቅ ለስላሳ ነገር ላይ ትተኛለች።

ስለ ክር ጫፍ የተባለውን አጥብቄ እደግፋለሁ። ድመት የዋጠችው ክር አንጀቷን ሰብስቦ ሊቀደው ይችላል፤ ከአፏ ወይም ከመቀመጫዋ ክር ተንጠልጥሎ ቢያዩ ፈጽሞ አይሳቡት፣ ወደ ሐኪም ይውሰዷት። ዘርፍ፣ ዶቃና ቁልፍም በመኝታ ላይ አይኑር።

የቁንጫ እንቁላል ከእንስሳው ላይ ወደ መኝታው ስለሚረግፍ በየሳምንቱ በፈላ ውኃ ይጠቡ። አዲስ የመጣ እንስሳ እስኪመረመር የራሱ መኝታ ይኑረው፤ በተለይ ግልገሎች ጭርት ይዘው ከመጡ ወደ ሰውም ይተላለፋል። በረኪና ለጥጥ በጥቂቱ ተበጥብጦ ይሆናል፣ ደጋግሞም መለቅለቅ ያስፈልጋል፤ የበግ ፀጉርን ግን ያበላሸዋል። ግልገሎቹ አራት ሳምንት ካልሞላቸው ሙቀታቸውን በራሳቸው መጠበቅ ስለማይችሉ፣ እናታቸው ራቅ በምትልበት ብርዳም ሌሊት ሞቅ ያለ ውኃ የያዘ ሃይላንድ በጨርቅ ጠቅልለው በአንድ ጎን ያስቀምጡላቸው፤ ሲሞቃቸው የሚሸሹበት ቦታ ግን ይተዉ።

ጠያቂዋ

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ዛሬ ማታ ክሬን ሳቃጥለው ቀልጦ ጥቁር እንክብል ሆነ፤ ስለዚህ እሱን ለሐረሯ እህቴ ለብርድ ወራት እልክላታለሁ። ከሁለት አሮጌ ካናቴራዎች የቆረጥሁት የመጀመሪያው ክብ ስምንተኛ ዙር ላይ ደርሷል፤ ጠፍጥፎ ተቀምጧል፣ ትንሿ ጣቴም አላለፈችበትም። የጠፍር አልጋውን ጎረቤቴ ነገ ሊፈልግልን ነው።

መልስ (ከሐረር፣ ጁገል)

ክሩን በደስታ እቀበላለሁ፤ የሚታጠበው ለብ ባለ ውኃ እንጂ በፈላ እንዳልሆነ እዚህ ለሚያነቡም ልንገር፣ ሰው ሠራሽ ክር በፈላ ውኃ ቅርጹ ይላላልና። በምትኩ ለግልገሎቹ አንድ ከረጢት የጥጥ ቁርጥራጭ ቅዳሜ በሚኒባስ እልካለሁ።